የሁለተኛው ምስክር ፊርማ

ግንቦት 18፣ ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡40

ማቀዝቀዣ ክፍል፦ 4 ዲግሪ። ጥሩ። ማኅተሞች ሁሉ አሉ። ከረጢት 31፤ በመዝገብም 31። የበሩ ላስቲክ ከታች በኩል ላልቷል። ለሦስተኛ ጊዜ ጻፍሁት፤ ለሦስተኛ ጊዜ ማንም አያነበውም። ደብተሬ፣ አንተ ብቻ ነህ የምታነበኝ።

ደባርቅ ላይ እንዲህ ይቀዘቅዛል፣ እሷ ደግሞ ማቀዝቀዣ ትጠብቃለች እያሉ ይስቁብኛል። በመ/ቤቱ ያወጡልኝ ስም «መመሪያ» ነው። መመሪያ መጣች፣ መመሪያ ወጣች። ይሁን። በሩ ላይ የተለጠፈው ደንብ በእኔ እጅ የተጻፈ ነው፤ አንድም ቃል አልቀንስለትም። በሩ በሁለት ቁልፍ ይከፈታል፤ አንዱ እኔ ዘንድ፣ አንዱ ጥበቃው ዘንድ። ብቻውን የሚገባ የለም። የገባው ይመዘገባል፣ የወጣው ይመዘናል። ልውጠ ሕያው የሆነው ዘር ከሌላው ጋር በአንድ መደርደሪያ አይቀመጥም። ሲወገድ በአውቶክሌቭ፣ በእንፋሎት መቀቀያው፣ ይቀቀላል፣ ከዚያ ይቃጠላል፣ ሁለት ምስክር በዓይኑ ያያል። ከሁሉ በታች በቀይ ቀለም፦ ለምግብ አይሆንም።

በከረጢቶቹ ያለው ገብስ መልኩ ገብስ ነው፤ ነጭ፣ ሙሉ ፍሬ። ግን የበግ በሽታ መከላከያ ክትባት በፍሬው ውስጥ እንዲሠራ ተደርጎ የተለወጠ ነው። ሰው ቢበላው ምን ይሆናል? ገና አልታወቀም። የምርምሩ ኃላፊ ዶ/ሩ «ምናልባት ምንም አይሆንም» ይላል፣ አዲስ አበባ ተቀምጦ። በዚህች ምናልባት ምክንያት አራት ዓመት ሙሉ በር ስቆልፍ ኖርሁ።

ዛሬ በስልክ ትእዛዝ መጣ። ከግሪንሃውስ የተረፈው 11 ኪ.ግ. በዚህ ሳምንት ይወገድ። እሺ።

ግንቦት 20፣ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡00

መብራት ከትናንት ጀምሮ የለም። ጄኔሬተሩ ከማቀዝቀዣው ሌላ አይችልም። አውቶክሌቩ ተገትሯል። ደወልሁ። ዶ/ሩ ሳይቀቀልም ቢሆን ይቃጠል አለ። ሪፖርቱን ሰኞ ይፈልጋል።

በዚያ ላይ መንገዱ ተከፈተ! ከተዘጋ ከሁለት ሳምንት በኋላ። ነገ ይዘጋ አይዘጋ የሚያውቅ የለም። ከመናኸሪያው ዳባት፣ ዳባት የሚለው ጩኸት እዚህ ድረስ ይሰማል። ነገ የአባቴ ሙት ዓመት ነው። እናቴ ዳባት ብቻዋን ናት። ሚኒባሱ 5፡00 ይወጣል። እሳት አቀጣጥሎ፣ እስኪነድ ጠብቆ፣ አመድ መዝኖ፦ ቢያንስ ሦስት ሰዓት።

አያ ታፈረ ከረጢቱን ከእጄ ተቀበሉኝ። ጥበቃችን ናቸው፣ የሁለተኛው ቁልፍ ባለቤት። ስድሳ አልፏቸዋል። ተኩስ በነበረበት ሰሞን ማታ ማታ እስከ ቤቴ በር የሸኙኝ እርሳቸው ናቸው፤ ሳልለምናቸው። ሂጂ፣ አባትሽን አስቢ፣ ይህን እኔ እጨርሰዋለሁ አሉኝ።

«ሲቃጠል በዓይኔ አይቻለሁ» የሚለው ቅጽ ላይ ሁለት ቦታ አለ። አንደኛው የሚያቃጥለው ሰው፣ ሁለተኛው ምስክሩ። በሁለተኛው ላይ ፈረምሁ። ቀኑንም ጻፍሁ። ገና ክብሪት አልተጫረም።

አትቆጣኝ ደብተሬ። አንድ ጊዜ ነው። እሳቸውን ካላመንሁ ማንን ላምን?

ግንቦት 25፣ ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡15

ትናንት ተመለስሁ። ድግሱ አማረ። እናቴ ከስታለች። መንገዱ ከኋላዬ እንደገና ተዘጋ ይላሉ።

አመዱን መዘንሁ። ነጭ ነው፣ ልም። ገብስ በከረጢት ሲነድ እንዲህ አይሆንም፤ መካከሉ ይጠቁራል፣ የከሰለ ፍሬ ሁልጊዜ ይቀራል። ባለፈው ዓመት የከሰለውን ስለቅም ግማሽ ቀን ነው አመድ የቆፈርሁት። ዛሬ በጣቴ ፈለግሁ። አንድም ፍሬ የለም።

የከረጢቱ የብረት ማኅተምም አለ፤ እንደ ደንቡ ከአመዱ ጋር ተመልሷል። ጥላሸት የለበትም። ያብረቀርቃል።

አስቀድመው ፈተውት ይሆናል። እሳቱን በደንብ ቆስቁሰውት ይሆናል። ጠንቃቃ ሰው ናቸው። አልጠየቅኋቸውም። ሪፖርቱን ከፊርማዬ ጋር ላክሁ።

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

4 ዲግሪ። ከረጢት 30። ዝናብ፣ ዝናብ፣ ዝናብ። ጫማዬ ከጭቃ ጋር ተጋብቷል።

አያ ታፈረ ባለፈው ሳምንት ሁለት ቀን ፈቃድ ወስደው ነበር፤ ልጃቸው የሺ ዘንድ፣ ቀጭን አምባ። ከዚህ ቁልቁል ሁለት ሰዓት ተኩል በእግር። አምና ሰብላቸውን በረዶ መታባቸውና ዘራቸውን ለቀለብ አደረጉት። ሚያዝያን ሙሉ አያ ሌላ ወሬ አልነበራቸውም፤ ልጄ ምን ልትዘራ ነው፣ ማን ያበድራት ይሆን፣ ሁሉም ባዶ ነው። አሁን ስለ ዘር ጨርሶ አያነሡም።

ዛሬ ጠዋት በቅል ማር አመጡልኝ። ከየሺ ነው። ለምን ስላቸው አባትሽን በገነት ያኑርልኝ ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ምን አድርጌ? ማሩ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። አልቀመስሁትም።

ሰኔ 9፣ ሰኞ፣ ከሰዓት

ሌሊት ጄኔሬተሩ ቆሞ አድሯል። 11 ዲግሪ ደርሶ አገኘሁት። ከረጢቶቹን አንድ በአንድ ዳሰስሁ፤ ደኅና ናቸው። እስከ ምሳ ድረስ ግን ሦስት ጊዜ ተመልሼ ቆጠርኋቸው። ምን ነካኝ? ስለ ሙቀቱ አይደለም። ስለዚያ ማኅተም ነው የማስበው።

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ፣ 10፡00

ገበያ ሄጄ ነበር። ሽንኩርትና በርበሬ። አንዲት ሴት ከበርበሬ ተራ ተነሥታ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። አነሣኋት። አላውቃትም። እሷ ግን ታውቀኛለች፤ የሺ አባቷን ልትጠይቅ ስትመጣ አብራት መጥታ በር ላይ አይታኛለች።

«የመሥሪያ ቤታችሁን ገብስ እግዜር ይባርክላችሁ እቴ! በሰባት ቀኑ ብቅ አለ። ለእኛም እፍኝ ደርሶናል።»

አሜን አልሁ። ደብተሬ፣ አሜን ነው ያልሁት! ሽንኩርቱን እዚያው ትቼው መጣሁ።

ለእኛም? ስንት እፍኝ?

ሰኔ 15፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ወደ ጥበቃ ቤቱ ሄድሁ። ጋቢያቸውን ገና አላወለቁም። ምንም ሳልጠይቅ ማኅተሙን ከኪሴ አውጥቼ ፊታቸው አስቀመጥሁት።

አልካዱም። እንዲያውም ደስ ያላቸው መሰለኝ፣ የደበቁት ነገር ሲከብዳቸው ኖሮ። ያቃጠሉት ጭድና ኩበት ነው። ከረጢቱን በአህያ ጭነው ቀጭን አምባ አደረሱ።

«እህል እሳት ውስጥ? እጄ እንቢ አለኝ ልጄ። የልጅ ልጄ ጡት ላይ ናት፣ እናቷ ዘር የላት፤ እኔ አሥራ አንድ ኪሎ ዘር ላቃጥል?»

ዘር አይደለም አልኋቸው። በሩ ላይ የተጻፈውን አላዩትም? በልጅነታቸው ደረስጌ የቤ/ክ ትምህርት የተማሩ ሰው ናቸው፤ ከእኔ ይልቅ ያነባሉ። አይተውታል። ለዚያ ነው ዘር መሆኑን ያወቁ። በእርሳቸው አገር የማይበላ እህል አንድ ብቻ ነው፤ ዘር። በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጣል፣ ጎታው በጭቃ ይታተማል፣ ነቀዝ እንዳይደርስበት በየጊዜው ይታያል፣ ልጅ በረኃብ ቢያለቅስ እንኳ አይነካም። ይህ ደግሞ ሁለት ቁልፍ አለው፣ የመንግሥት ማኅተም አለው፣ እኔ በየሰኞው እቆጥረዋለሁ። እንዲህ የሚጠበቅ እህል ክፉ ነው ብሎ ማን ያምናል? አቃጥሉ ያለው ሰውዬ አዲስ አበባ ተቀምጦ ያበደ ነው የመሰላቸው።

አራት ዓመት ቁልፍ ይዘው ከጎኔ ሲቆሙ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ይህ ምንድን ነው ብዬ አልነገርኋቸውም። ፈርሙ ስል ይፈርማሉ፤ ክፈቱ ስል ይከፍታሉ። መመሪያ! ስሜን እንኳ በትክክል ነው ያወጡት።

ነገርኋቸው። ስለ ክትባቱ፣ ስለ ፍሬው። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «ሕፃን ይጎዳል?»

አላውቅም አልኋቸው። ይጎዳል ብላቸው ይቀል ነበር። ፊታቸው አመድ መሰለ።

ሰኔ 19፣ ሐሙስ፣ ማታ 1፡00

ከቀጭን አምባ አሁን ገባሁ። ጉልበቴ አልቋል። ሳይጠፋብኝ ልጻፈው።

ሰማያዊ ብርሃን ያለውን የእጅ ባትሪና ቢጫውን መነጽር ይዤ ከአያ ታፈረ ጋር ሄድሁ። የእኛ ገብስ ምልክት አለው፤ በዚያ ብርሃን፣ በዚያ መነጽር ሲታይ አረንጓዴ ያበራል። ሌላው ቡቃያ ሁሉ ቀይ ነው የሚታይ። ብርሃኑ ግን ጨለማ ይፈልጋል። እኔ ደግሞ የደረስሁት በጠራራ ፀሐይ ነው። ጋቢዬን ተከናንቤ ማሳው ላይ ተደፋሁ። የሺ ቆማ ታየኛለች፤ አያ ታፈረ ጎኗ ቆመዋል። የምጸልይ መስሏት እሷም አማተበች።

ከጋቢው ውስጥ አበራሁት። አረንጓዴ። ቦታ ቀየርሁ። አረንጓዴ። ግማሽ ጥማድ የምታህል መሬት ናት፤ ዳር እስከ ዳር የእኛ ናት። ያማረ ቡቃያ፣ ስንዝር ያለፈ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ያምራል ብዬ አሰብሁ።

የሺ ግቢ አለችኝ። ልጇን አዝላ ቆሎ አቀረበች። ፍሬው ነጭ ነው፣ ሙሉ። እጄ ሰፌዱ ጋ ሳይደርስ ቀረ። ሰው ቤት ገብቶ ቆሎ አለመንካት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ እሷም ቅር አላት። ጨንቆኝ ጠየቅኋት፦ ይህ ከዘሩ የተረፈ ነው? ሳቀች።

«ዘር ይበላል እንዴ እቴ? ይኼማ የገበያ ነው። የእናንተውን አንዲት ፍሬም አልቀመስን።»

ልቤ ተመለሰ። በዚሁ ልማድ ነው ስሕተቱ የተሠራው፤ ይኸው ልማድ ደግሞ እስከ አጨዳ ድረስ ልጇን ይጠብቅልኛል። በላሁ። ሁለት እፍኝ በላሁ፣ በደስታ።

ከዚያ ስለ እፍኙ ጠየቅሁ። እንዲህ ነው የሚያደርጉ። ሊዘሩ ሲሉ ከየቤቱ አንድ አንድ እፍኝ ዘር ይመጣል። ቤ/ክ ደጃፍ በአንድ ቁና ይቀላቀላል። ቄሱ ጸበል ይረጩታል፣ ይባርኩታል። ከዚያ ሁሉም ከቁናው አንድ አንድ እፍኝ ወስዶ ከዘሩ ጋር ቀላቅሎ ይዘራል። የአንዱ በረከት ለሁሉ እንዲደርስ። የሺ አምና ባዶ እጇን ሄዳ አፍራ ነበር። ዘንድሮ ከሁሉ ያማረውን ይዛ ሄደች። አንድ እፍኝ አነሰባትና ሦስት ጨመረች።

ሃያ ሁለት ቤት።

ከጅረቱ ማዶ ወዳለው ማሳ ተሻገርሁ፤ የዚያች የበርበሬ ተራዋ ሴት ነው። ተከናነብሁ። ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ። ልነሣ ስል በጉልበቴ ሥር፦ አንዲት አረንጓዴ።

በመመለሻዬ ሁለት ቦታ ከመንገዱ ዳር ገብስ በቅሎ አየሁ፤ የአህያዋ ጭነት የተንጠባጠበበት። በሁለቱም ቆምሁ። ሁለቱንም ነቀልሁ። ያላየሁት ስንት ነው?

ሰኔ 20፣ ዓርብ

4 ዲግሪ። ከረጢት 30። ምን ዋጋ አለው።

አያ ታፈረ የየሺን ማሳ በእጄ እነቅለዋለሁ፤ ማንም አይሰማም፣ አንቺም እንጀራሽ ላይ ትቆያለሽ አሉኝ። ቀኑን ሙሉ ይህን ሳላምጠው ዋልሁ። ስንት ጊዜ እሺ ልል አፌን ከፈትሁ! ግን ማዶ ያለችውን አረንጓዴ እርሳቸው በምን ይለዩዋታል? ጥቅምት ላይ ታጭዳ፣ በአንድ አውድማ ተወቅታ፣ ግማሿ ለዘር ትቀመጣለች። ከዚያ ብድር ነው፤ አንዱ ለዳባት ዘመዱ፣ አንዱ ለልጁ መቋቋሚያ። በዘር ብድር ሰው አይከለከልም። የቀረው ይፈጫል። የየሺ ልጅ ያኔ እህል መቅመስ ጀምራለች።

ባመለክት? አያ ታፈረ ይታሰራሉ። እኔ ከሥራ እባረራለሁ፣ ምናልባትም አብሬያቸው። የሃያ ሁለት ቤት ቡቃያ ይነቀላል፣ ይቃጠላል። ባላመለክት ማንም አይመጣብኝም። ወረቀቱ ሁሉ የተሟላ ነው። በእኔ ፊርማ።

አንድ ነገር ግን አለ። አሁን ቢነቀል ተልባ ወይም ቶሎ የሚደርስ ገብስ ለመዝራት ገና ጊዜ አለ። ሐምሌ ከተጋመሰ የለም። እኔ በፈራሁ ቁጥር የሚጠፋው የእነሱ ቀን ነው።

ፈራሁ። በጣም ፈራሁ።

ሰኔ 23፣ ሰኞ፣ ከሰዓት 9፡20

ኔትወርክ ከዓርብ ጀምሮ የለም። ይህም ሰበብ ሆኖኝ ነበር። ዛሬ ሰበቡን ትቼ ማመልከቻውን ጻፍሁት።

አራት ጊዜ ነው የጻፍሁት። የመጀመሪያው «ጥበቃው» ብሎ ይጀምር ነበር። አነበብሁት፤ አፈርሁ፤ ቀደድሁት። የአሁኑ እንዲህ ይላል፦ «ግንቦት 20 ቀን ገብሱ ሲቃጠል በዓይኔ አይቻለሁ ብዬ የፈረምሁ እኔ ነኝ። አላየሁም።» ከዚያ የቀረው ይከተላል። ማሳዎቹ፣ ቁናው፣ መንገዱ። ለሃያ ሁለቱም ቤት ሌላ ዘር ሳይዘገይ እንዲሰጣቸው፣ ከመነቀሉም በፊት ምን እንደሆነ ሰው ሄዶ ቁጭ ብሎ እንዲያስረዳቸው። ቢፈቀድልኝ እኔ እሄዳለሁ ብያለሁ። ይፍቀዱልኝ አይፍቀዱልኝ እንጃ።

አያ ታፈረን ጠራኋቸው። ሳላነብላቸው አልልክም አልሁ። ራሳቸው አነበቡት፣ ቀስ ብለው፣ ጣታቸውን በየቃሉ ሥር እያስኬዱ። ስማቸው ያለበት ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ከዚያ ቀጠሉ። ጨርሰውም እንደገና ከላይ ጀመሩ።

ይቆጡኛል ብዬ ነበር።

«የእኔ መፈረሚያ የት ነው?» አሉ።

ቦታ አላዘጋጀሁም ነበር። ከስሜ በታች አሳየኋቸው። ያንን የቤ/ክ እጃቸውን፣ እያንዳንዱን ፊደል እንደ ሐረግ እየሳሉ፣ ታፈረ ብለው ጻፉ። ሁለተኛ ምስክር። ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ወረቀቱ ላይ አስቀመጡት።

ከበሩ ላይ ዞር አሉ። ቡቃያው ሲቃጠል የሺ እንዳታይ አድርጊልኝ ልጄ አሉኝ፤ ዘር ሲነድ አይታ አታውቅም።

እሺ አልሁ። እንዴት እንደማደርገው አላውቅም። አለቀስሁ፣ ደብተሬ። አሁንም እያለቀስሁ ነው የምጽፍ።

ወረቀቱን በስልኬ ፎቶ አነሣሁት። ለዶ/ሩም፣ ከእርሱም በላይ ላለው የቁጥጥር ጽ/ቤት እንዲደርስ አድርጌ። መስኮቱ ላይ ወጥቼ ስልኩን ከፍ አድርጌ ያዝሁ። ውጭ ያዘንባል፤ ለቡቃያ የሚመች ዝናብ። ምንም የለም። ምንም።

አንድ የኔትወርክ መስመር መጣ። ሁለት። ልልከው ነው።